የቤታችንን ቋንቋ አንደብቅ

(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ የተነገረ። በስብሰባው ላልተገኙ ነዋሪዎች እንዲደርስ በማስታወቂያ ሰሌዳችን ላይ ተለጥፏል።)



ከዚህ ተነሥታችሁ በቀጥታ ወደ ሌሊት ሥራ የምትሄዱ እንዳላችሁ ስለምናውቅ ነገር አናስረዝምም።

ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ኪራይ ወይም ስለ መኪና ማቆሚያ አይደለም። ስለ ልጆቻችን ነው። ይኸውም እኛ በምንኖርበት በሲልቨር ስፕሪንግ ያሉትን ትምህርት ቤቶች የሚያስተዳድረው የሞንትጎመሪ ካውንቲ የትምህርት ቤቶች አስተዳደር፣ እንግሊዝኛ ገና በመማር ላይ ላሉ ልጆች ምን ዓይነት እርዳታ እንደሚሰጥ፣ እኛ ወላጆች ደግሞ ይህንን እርዳታ ሳናውቅ እንዴት በገዛ እጃችን እንደምንመልሰው ነው።

በገዛ እጃችን ማለታችን ያለ ምክንያት አይደለም። ልጅ ሲመዘገብ ከሚሞሉት ወረቀቶች አንዱ ስለ ቤት ቋንቋ የሚጠይቅ ነው። ጥያቄዎቹ ሦስት ናቸው። ልጁ መጀመሪያ አፉን የፈታው በምን ቋንቋ ነው? አሁን አብዛኛውን ጊዜ የሚናገረው በምን ቋንቋ ነው? በቤታችሁ የሚነገረው ምን ቋንቋ ነው? ከመካከላችን ለሦስቱም «እንግሊዝኛ» ብለን የጻፍን አለን። አንዳንዶቻችን «አማርኛ ብለን ከጻፍን ልጃችንን ከሰነፎች ጋር ያስቀምጡታል» ብለን ፈራን። አንዳንዶቻችን አፈርን። አንዳንዶቻችን ደግሞ ይኼ ወረቀት ወደ ኢሚግሬሽን የሚሄድ መሰለን።

ከነዋሪዎቻችን አንዱ «ሌላው እንዲማርበት ንገሩልኝ» ስላሉን፣ ስማቸውን ሳንጠራ የደረሰባቸውን እንናገራለን። ልጃቸው በ6 ዓመቱ ከአገር ቤት መጣ። ሲመዘገብ ለሦስቱም ጥያቄ «እንግሊዝኛ» ብለው ጻፉ። ስለዚህ ማንም አልፈተነውም፣ ማንም ለብቻው አላገዘውም። ልጁ በዓመቱ እዚህ ከተወለዱት ጋር ሜዳ ላይ ሲጯጯኽ ማን ከየት እንደመጣ አይለይም ነበር። አባትም ደስ አላቸው። 4ኛ ክፍል ሲደርስ ግን ነገሩ ተገለበጠ። ሦስት ጊዜ ሰባት ስንት ነው ቢሉት ቶሎ ይመልሳል። በሒሳብ መጽሐፉ ላይ ግን በጽሑፍ «ይኼ ከዚያ በስንት ያንሳል» የሚል ጥያቄ ሲመጣ፣ ይደምር ወይም ይቀንስ አያውቅም። አባት «ሰነፍክ» ብለው ኳሱን ወሰዱበት፣ ተቆጡት። ለካስ ልጁ ሰነፍ አልነበረም። ሒሳቡን ያውቃል፣ የጥያቄው ቋንቋ ግን አልገባውም። ሦስት ዓመት ሙሉ ማንም ሳያውቅለት ቆየ።

ይህ የዚያ ልጅ ችግር ብቻ አይደለም። በካናዳ የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ምሁር የሆኑት ጂም ከሚንስ ይህንን ጉዳይ አጥንተው የጻፉት ከ40 ዓመት በፊት ነው። እሳቸው እንደሚሉት ሁለት ዓይነት እንግሊዝኛ አለ። አንዱ የመጫወቻ ነው፤ ልጅ በ2 ዓመት ገደማ ይለምደዋል። ሁለተኛው የመጽሐፍና የፈተና ነው፤ እሱ ግን ከ5 እስከ 7 ዓመት ሊፈጅ ይችላል። እኛ ወላጆች የመጀመሪያውን ሰምተን «ልጄ እንግሊዝኛውን እንደ ውኃ ጠጥቶታል» እንላለን። ሁለተኛውን አናየውም፣ ምክንያቱም የሚታየው ደብተሩ ላይ ነው።

እንዲያው ወደ ኋላ መለስ ብለን እናስታውስ። በደርግ ጊዜ አገር ቤት እኛ ስንማር እንግሊዝኛ ከ3ኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ ትምህርት ይሰጥ ነበር። 7ኛ ክፍል ላይ ግን ትምህርቱ ሁሉ በአንድ ጊዜ በእንግሊዝኛ ይሆናል። በአማርኛ ጂኦግራፊ አንደኛ ይወጡ የነበሩ ጓደኞቻችን 7ኛ ክፍል ሲገቡ ድምፃቸው ጠፋ። ሳይገባቸው በቃላቸው ሸመደዱ። ሰነፎች ነበሩን? አልነበሩም። ያሻገራቸው ሰው አልነበረም። እዚህ ግን የሚያሻግር ሰው ተመድቧል። እኛ ነን በሩን የምንዘጋው።

ታዲያ ይህ እርዳታ ከየት መጣ ብትሉ፣ ችሮታ አይደለም፣ ሕግ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 የወጣው የሲቪል መብቶች ሕግ ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ድርጅት ማንንም በዘር፣ በቀለም ወይም በትውልድ አገር እንዳያገል ይከለክላል። በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ ደግሞ እንግሊዝኛ የማይችሉ 1,800 ያህል የቻይና ተወላጅ ተማሪዎች ያለ ምንም እርዳታ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ነበር። ወላጆቻቸው ከሰሱ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1974 በሙሉ ድምፅ ፈረደላቸው። የፍርዱ መንፈስ፣ ለማይገባው ልጅ ከሌሎቹ ጋር አንድ ዓይነት መጽሐፍና አንድ ዓይነት አስተማሪ መስጠት ብቻውን እኩልነት አይደለም የሚል ነው። በዚያው ዓመት ኮንግረስ ትምህርት ቤቶች የቋንቋን እንቅፋት ለማስወገድ ተገቢውን እርምጃ እንዲወስዱ የሚያስገድድ ሕግ አወጣ። እነዚያ ቻይናውያን ወላጆች ቋንቋቸውን ቢደብቁ ኖሮ ዛሬ የእኛ ልጆች ይህንን አያገኙም ነበር።

አንዳንዶቻችሁ «ፕሬዚዳንቱ እንግሊዝኛ የአገሪቱ ቋንቋ ነው ብለው ፈርመዋል፣ እርዳታው ቀርቷል» ስትሉ ሰምተናል። ትእዛዙ እ.ኤ.አ. በማርች 1 ቀን 2025 መፈረሙ እውነት ነው። ነገር ግን የ1964ቱም የ1974ቱም ሕጎች ኮንግረስ ያወጣቸው ናቸው፣ በፕሬዚዳንት ትእዛዝ አይሻሩም። የቤት ቋንቋ ወረቀቱም ስለ መኖሪያ ፈቃድ የሚጠይቀው ነገር የለም። እ.ኤ.አ. በ1982 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የመኖሪያ ፈቃድ የሌለው ልጅ ከሕዝብ ትምህርት ቤት ሊከለከል አይችልም ብሎ ፈርዷል።

አሁን እውነቱን ብንጽፍ ምን ይሆናል ወደሚለው እንምጣ።

ወረቀቱ ላይ ሌላ ቋንቋ ሲታይ ልጁ አጭር ፈተና ሊሰጠው ይችላል። የሚፈተነው በማዳመጥ፣ በመናገር፣ በማንበብና በመጻፍ ነው። ውጤቱ ከ1 እስከ 6 ባለው ደረጃ ይነገራል። እርዳታ የሚያስፈልገው ከሆነ የእንግሊዝኛ ማጠናከሪያ ትምህርት፣ እኛ ኢሶል የምንለው ማለት ነው፣ ይመደብለታል። በአንደኛ ደረጃ አስተማሪዋ እክፍል ድረስ መጥታ ታግዘዋለች፣ ወይም ጥቂት ልጆችን ለብቻ ይዛ ታስተምራለች። በመካከለኛና በሁለተኛ ደረጃ ራሱን የቻለ ክፍለ ጊዜ ይኖረዋል። በስቴቱ ፈተና ጊዜም ተጨማሪ ሰዓትና ቃል በቃል የሚተረጉም መዝገበ ቃላት ሊፈቀድለት ይችላል። በየዓመቱም በጃንዋሪና በፌብሩዋሪ ገደማ ዊዳ የሚባለው ድርጅት ባዘጋጀው ፈተና ይመዘናል። የሚፈለገውን ደረጃ ሲያገኝ ከፕሮግራሙ ይወጣል፤ ከወጣም በኋላ ወደ ኋላ እንዳይቀር ቢያንስ ለ2 ዓመት ትምህርቱን ይከታተሉለታል። ስለዚህ ኢሶል መኖሪያ አይደለም፣ መሻገሪያ ነው።

ሌላም ነገር አለ። በሜሪላንድ ለትምህርት ቤቶች የሚሰጠው ገንዘብ ሲሰላ እንግሊዝኛ ለሚማር ልጅ ተጨማሪ ይታሰባል። ሃያ ቤተሰብ ቋንቋውን ከደበቀ፣ ሃያ ልጅ ሳይቆጠር ይቀራል። ጉዳቱ ለጎረቤትም ልጅ ነው።

ስለ ደብዳቤው እናንሣ። ልጁ በፕሮግራሙ ሲመደብ ትምህርት በተጀመረ በ30 ቀን ውስጥ ለወላጅ ማስታወቂያ መላክ አለበት። በዓመቱ መካከል ለገባ ልጅ ደግሞ በተመደበ በ2 ሳምንት ውስጥ ነው። ደብዳቤው የልጁን ደረጃና የሚሰጠውን ትምህርት ይገልጻል። ወላጅ «አልፈልግም» የማለት መብት እንዳለውም ይናገራል። እዚህ ላይ ነው ብዙዎቻችን የምንሳሳተው። ደብዳቤው ከሱፐርማርኬት ማስታወቂያ ጋር ተጣጥፎ ቆሻሻ ውስጥ ይገባል። ወይም ልጁ «ኢሶል አልፈልግም፣ ጓደኞቼ ይስቁብኛል» ብሎ ያለቅሳል፣ እኛም አዝነን እንፈርማለን። እንቢ ማለት መብታችን ነው፣ አንከለክልም። ግን እንቢ ብለን ብንፈርምም የዓመቱ ፈተና አይቀርለትም። የሚቀርበት አስተማሪዋ ናት። ፊርማ ከማድረጋችን በፊት «ደረጃው ስንት ነው? በምን በኩል ነው የደከመው?» ብለን እንጠይቅ።

ለመጠየቅ ደግሞ ቋንቋ ያስፈልጋል የምትሉ አላችሁ። እውነት ነው። ይህንን ንግግር ያዘጋጀነው እኛም ከአንደኛ ደረጃ ትምህርት ያላለፍን ነን፤ ትምህርት ቤት ደጃፍ ስንደርስ ልባችን ይመታል። ነገር ግን የካውንቲው ትምህርት ቤቶች ለወላጆች ጽሑፍ ከሚያወጡባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። ከአስተማሪ ጋር ቀጠሮ ሲኖርም «የአማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ» ብሎ አስቀድሞ ማሳወቅ ይበቃል። ክፍያ የለውም። ልጃችንን አስተርጓሚ አናድርግ። አስተማሪዋ «የቤት ሥራውን አይሠራም» ስትል፣ ልጁ «በጣም ጎበዝ ነው ትላለች» ብሎ ቢተረጉምልን አመስግነን ነው የምንመለሰው! ሳቃችሁ እንደደረሰባችሁ ያሳብቅባችኋል። ጨዋታውን ትተን፣ ስለ በሽታ ወይም ስለ ውጤት የሚነገረውን ከባድ ነገር ልጅ እንዲሸከም ማድረግ ደግ አይደለም።

በዕድሜ ከፍ ብለው ለሚመጡትም አንድ ቃል አለን። 16 ወይም 17 ዓመት ሆኗቸው የመጡ ልጆች «ጊዜው አልፏል» ብለው ወደ ሥራ ሲገቡ እናያለን። በሜሪላንድ ዕድሜው 21 ያልሞላ ሰው በሕዝብ ትምህርት ቤት በነጻ የመማር መብት አለው። አገር ቤት የተማረበትን ትራንስክሪፕት ይዞ ይምጣ፣ የተማረው ታይቶ ክሬዲት ሊቆጠርለት ይችላል። ቤት ለቤት እየዞራችሁ ንገሩልን።

በመጨረሻ ስለ ቤታችን። አንዳንዶቻችን ልጁ እንግሊዝኛ እንዲለምድ ብለን በተሰባበረ እንግሊዝኛ እናናግረዋለን። ይህ አይጠቅመውም። በአማርኛ ተረት የሰማ፣ በአማርኛ «ለምን?» ብሎ የጠየቀና መልስ ያገኘ ልጅ፣ ያንኑ ሐሳብ ይዞ ነው ወደ እንግሊዝኛው የሚሻገረው። በሜሪላንድ ሁለት ቋንቋ በደንብ ማንበብና መጻፍ መቻሉን በፈተና ላስመሰከረ የ12ኛ ክፍል ተመራቂ የሁለት ቋንቋ ማኅተም የሚሰጥበት ፕሮግራም አለ። የደበቅነው አማርኛ ያስመሰግናል እንጂ አያሳፍርም።

ስለሆነም የማኅበሩ ኮሚቴ የሚያሳስበው ይህ ነው።

1ኛ/ የቤት ቋንቋ ወረቀት ስንሞላ እውነቱን እንጻፍ። ቀድሞ ተሳስተን የጻፍን ካለን ትምህርት ቤት ሄደን እንንገር፣ ልጁም እንዲፈተን እንጠይቅ።

2ኛ/ ከትምህርት ቤት የመጣ ፖስታ ሳይከፈት አይጣል።

3ኛ/ ያልገባንን ወረቀት አንፈርም።

4ኛ/ ለቀጠሮ አስተርጓሚ እንጠይቅ።

ማንበብ ለሚቸግረን፣ 12ኛ ክፍል የጨረሱ የሰፈራችን ወጣቶች ዘወትር እሑድ ከሰዓት በኋላ በ9 ሰዓት ከልብስ ማጠቢያው አጠገብ ባለው መሰብሰቢያ ክፍል ይቀመጣሉ። ወረቀታችሁን ይዛችሁ ኑ። ምስጢር ይጠበቃል፣ የሚከፈል ነገር የለም።

እኚያ ቀደም ብለን ያነሣናቸው አባት በመጨረሻ ትምህርት ቤት ሄደው «ያን ጊዜ ተሳስቻለሁ» አሉ። ልጁ ተፈተነ፣ ማንበብና መጻፍ ላይ ደክሞ ተገኘ፣ አሁን አስተማሪ አለው። ኳሱም ተመልሶለታል። ሌሎቻችን ግን 4ኛ ክፍል እስኪደርስ አንጠብቅ።



የማኅበሩ ጸሐፊ
ስለ ኮሚቴው