ጮቄ፦ የተራበ መሬት፣ የተራበ ገበሬ

ሰኔ 2007 ዓ.ም. ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንሲስ «ላውዳቶ ሲ» የተሰኘውን መልእክታቸውን ይፋ አደረጉ። ፍሬ ነገሩ ተፈጥሮን መንከባከብና ድሃን መርዳት አይነጣጠሉም የሚል ነው። ከዚያ ወዲህ በልዩ ልዩ አገሮች ያሉ የካቶሊክ ዩኒቨርሲቲዎች ይህን በሥራ ለመተርጎም ቃል ገብተዋል።

ነገሩ እንዲገባን ከደብረ ማርቆስ በስተሰሜን ወዳለው የጮቄ ተራራ እንውጣ። ከፍታው ከ4,000 ሜትር ያልፋል፤ የብዙ የዓባይ ገባሮች መነሻም ነው። አስታና ጅብራ ይበቅልበት በነበረው ተዳፋት ላይ ዛሬ ገብስና ድንች ይዘራል። ለምን?

እስቲ ወደ አንድ ጓዳ እንግባ። እንጨት ጠፍቷል፤ እናት የምትጋግረው በኩበት ነው። ማሳ ላይ መበተን የነበረበት ፍግ ምጣድ ሥር አመድ ይሆናል። አፈሩ ይከሳል፣ ምርቱ ይቀንሳል፣ የክረምቱ ጎርፍ ደግሞ የተረፈውን ጠርጎ ቁልቁል ይወስደዋል። ያን ጊዜ ገበሬው በሬዎቹን እየነዳ ሽቅብ ይወጣል፤ የጓሳ ሣሩን ገልብጦ ያርሳል። የገፋው ችግር ነውና «ዛፍ አትቁረጥ» ብሎ መቆጣት ምንም አይፈይድም። ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ፣ እርከንና መኖ ግን ይፈይዳሉ።

በ2015 ዓ.ም. የዓለም ቱሪዝም ድርጅት የጮቄን ኢኮ መንደር ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች ተርታ አሰልፎታል። ደስ ያሰኛል፤ ይህ ውበት እንዲዘልቅ ግን በየጓዳው ያለው ችግር መፈታት አለበት።

የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ መምህራንና ተማሪዎች ሆይ፣ የካቶሊክም ሆነ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ፣ ሥራው አንድ ነው፤ ስለ ጮቄ ስታጠኑ አደራ፣ ከምድጃው ጀምሩ።