የከፍተኛ ትምህርት ሸቀጥነትና የማይቆጠረው የመምህሩ ሥራ



ስለ ከፍተኛ ትምህርት ሸቀጥነት ስንነጋገር አብዛኛውን ጊዜ የምናነሳው የከፋዩን ጉዳይ ነው። በ1996 የትምህርት ዘመን የወጪ መጋራት ሲጀመር የተከራከርነው ማን ይክፈል በሚለው ላይ ነበር። በ2015 ዓ.ም. የራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲዎች አዋጅ ሲወጣም ክርክሩ ከዚያው አልራቀም። የሚሸጠው ነገር ምን እንደሆነ ግን እምብዛም አልጠየቅንም።

የክፍያን ትምህርት በጅምላ የማወግዝ ሰው አይደለሁም። የማታው መርሐ ግብር ባይኖር ኖሮ ታላቅ እህቴ ዲግሪዋን ባላገኘች ነበር። ጥያቄዬ ሌላ ነው። ለገበያ የሚቀርበው የሚቆጠር ነገር ነው፤ ክሬዲት ሰዓት ይቆጠራል፤ የተመዘገበ ተማሪ ይቆጠራል፤ አማካሪው የፈረመበት የመመረቂያ ጽሑፍ ይቆጠራል። ጽሑፉ ስለመነበቡ ግን የሚጠይቅ ቅጽ የለም። አንብቦ የፈረመውም ሳያነብ የፈረመውም የሚቀበሉት ክፍያ አንድ ነው።

ሌላ ምስክር ከመጥራት ራሴን ላቅርብ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ቀን መደበኛውን፣ ማታ ኤክስቴንሽኑን፣ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ በአንድ የግል ኮሌጅ አስተምር ነበር። ደመወዜ ከቤት ኪራይ አያልፍም ነበርና፤ በዚህ አዳራሽ ይህን ላብራራለት የሚገባ መምህር ያለ አይመስለኝም። በዚያ ዓመት 14 የማስተርስ ተማሪዎችን አማከርሁ። የአንደኛውን ጽሑፍ መግቢያና መደምደሚያ ብቻ አይቼ ፈረምሁ። በዲፌንሱ ዕለት የውጭ ፈታኙ በሰንጠረዡ የሰፈሩት መላሾች ከተበተነው መጠይቅ እንደሚበልጡ አሳየ። ተማሪው መልስ አልሰጠም። ዞሮ እኔን ተመለከተኝ።

ያ ሰው ለሦስት ዓመታት ከሥራ እየወጣ ማታ ማታ የተማረ፣ ክፍያውን አንድም ጊዜ ያላጓደለ ነበር። ማሻሻያ ታዝዞ አለፈ። የእኔም የማማከር ክፍያ ሳይጓደል ገባ። ማንም አልጠየቀኝም፤ እንደ አሠራሩ ሁሉም የተሟላ ነበርና።

ባልደረቦቼ፣ ችግሩን በመምህሩ ሥነ ምግባር ብቻ ማስረዳት የሚቀናን ይመስለኛል። ጥፋቴን አልክድም። ነገር ግን ደመወዙ ለኑሮ የማይበቃና ጎዶሎውን በተማሪ ብዛት የሚሞላ ሰው፣ የማንበቢያ ሰዓቱን የሚቀንሰው ገና ጽሑፉ ሳይደርሰው ነው። ስለዚህ ለአካዳሚክ ኮሚሽን ሁለት ሐሳብ አቅርቤአለሁ፤ አንድ መምህር የሚያማክራቸው ተማሪዎች ቁጥር እንዲገደብ፣ ረቂቅ የማንበቢያ ሰዓትም በሥራ ጫና ስሌት ውስጥ እንዲገባ። ሁለተኛው በጀት ይጠይቃል፤ የሚያከራክረንም እርሱ ይሆናል።

እኔ በበኩሌ ዘንድሮ የያዝሁት አምስት ተማሪ ነው። የእሑዱን ኮሌጅ ግን እስካሁን አልተውሁም።

አሁን ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንለፍ።