ስለ ፈርጥ ሥራ፤ በኮን ለተማሪዎች የተነገረ ንግግር

ልጆቼ ሆይ፤ ፈርጥ የሚለውን ቃል ከቀለበት ጋራ ሰምታችሁት ይሆናል፤ ይኸውም በቀለበቱ ውስጥ የሚገባው የከበረ ድንጋይ ነው። የዛሬው ነገራችን ይህንኑ ጥበብ አስፍቶ ማየት ነው። አንዱን ነገር ፈልፍሎ፣ በተፈለፈለው ስፍራ መልኩ የተለየ ሌላ ነገር አግብቶ ፊቱን ማስተካከል የፈርጥ ሥራ ነው። ከላይ ወርቅ ቢያለብሱት ልባጥ ይባላል፤ ቀለም ቢቀቡት ሥዕል ይባላል፤ ፈርጥ ግን ወደ ውስጥ ስለሚገባ ፊቱ ጥቂት ቢፋቅ እንኳ መልኩ አይጠፋም።

ከኮን ወደ ጋሸና፣ ከጋሸናም ወደ ላሊበላ ደርሶ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ያለፈ ሰው በዋሻ ውስጥ የታነጸውን የይምርሐነ ክርስቶስን ቤተ ክርስቲያን ያገኛል። እንግዳ አስቀድሞ የሚያደንቀው ግድግዳውን ነው። የግድግዳው ጥቍርና ነጭ መሥመር ግን እንጨትና በነጭ ልስን የተለሰነ ድንጋይ በተራ የተደራረበበት የአክሱም አሠራር ነው እንጂ ፈርጥ አይደለም። ፈርጡን የሚሻ ወደ ላይ ወደ ጣራው ገበታ ይመልከት፤ በዚያ እንጨት በእንጨት ላይ ተገጥሞ ጌጥ ሆኗል።

አሠራሩ ትዕግሥትን ይጠይቃል። እንጨቱ እርጥብ ሳለ ቢሠሩበት ሲደርቅ ይኰማተርና ፈርጡ ይወድቃል፤ ስለዚህ አስቀድሞ ማድረቅ ነው። ከዚያ ቅርጹን በስለታም ቢላዋ ጭሮ፣ በመሮ ፈልፍሎ፣ ፈርጡን በሙጫ መትከል፣ ከፍ ያለውንም በመላጊያ ማስተካከል ነው። በብረት ላይ ግን ሙጫ አያስፈልግም፤ ጕድጓዱ አፉ ጠባብ፣ ውስጡ ሰፊ ሆኖ ይቈረጣል፤ የወርቅ ወይም የብር ክር በመዶሻ ሲመታ በውስጡ ይስፋፋና መውጫ ያጣል።

በ1922 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር መቃብሩ የተገኘው የግብጹ ንጉሥ ቱታንክአሙን የወርቅ ጭምብሉ በከበረ ድንጋይና በባለ ቀለም ብርጭቆ ተፈርጧል። በሕንድ አገር በአግራ የሚገኘው ታጅ ማሐልም ነጭ እብነ በረዱ በልዩ ልዩ ድንጋይ አበባ አብቧል።

በአገራችን ግን ጠራቢውንና ቀጥቃጩን መስደብ የቈየ ክፉ ልማድ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን መስደብ በአዋጅ ከለከሉ። ስድቡ ግን በአዋጁ ቀን አልሞተም፤ እኔም በትምህርት ቤት ደጅ ሰምቼዋለሁ። ከመካከላችሁ አባቱ ቀጥቃጭ የሆነ ልጅ ቢኖር፣ በዕረፍት ጊዜ ምን ብላችሁ እንደምትጠሩት እናንተው ታውቃላችሁ።

ነገ ጧት የመሮን አያያዝ የሚያሳዩአችሁ የዚሁ መንደር ጠራቢ ናቸው። ሲገቡ ተነሥታችሁ ተቀበሏቸው።