እጅ የሚያውቀውን ለዓይን እናሳይ
(በሬዲዮ ፕሮግራም የቀረበ ንግግር)

ቢስሚላሂ-ር-ረሕማኒ-ር-ረሒም። ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ ይሁን። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይስፈን።



ዛሬ የማወራችሁ ስለ እንጨት ሥራ ነው። «ምን ርዕስ ጠፋና!» የሚል አይጠፋም። ነገሩ ግን አላህ በእጃችን ላይ ያኖረውን ሙያ ለሌላው እንዴት እናድርሰው የሚል ነው።

እኔ አናጢ ነኝ። ከመሮና ከመላጊያ ጋር ስኖር ከ30 ዓመት በላይ ሆኖኛል። ከጥቂት ዓመታት በፊት ልጆቼ «አባባ፣ የምታውቀውን ጻፈው እንጂ» እያሉ ቢወተውቱኝ ደብተር ገዝቼ ጀመርኩ። ዋንዛ ከመሠራቱ በፊት ለምን በደንብ መድረቅ እንዳለበት፣ የወንበር እግር እንዴት እንደሚገጠም፣ ኮላ የተቀባ እንጨት ለምን ታስሮ እንደሚቆይ ጻፍኩ። ጽሑፉም ፎቶ ኮፒ እየተደረገ በብዙ ወጣቶች እጅ ገባ። ሰደቀቱል ጃሪያ ይሆንልኛል ብዬ ተስፋ አደረግኩ።

አንድ ቀን ከክፍለ ሀገር አንድ ወጣት ደወለልኝ። «ጋሼ፣ እርስዎ እንደጻፉት ሳደርግ እጄን ቆረጠኝ» አለ። ደንግጬ ጽሑፉን አውጥቼ አየሁት። «እንጨቱን አጥብቀህ ያዝና መሮውን ግፋ» ይላል። እኔ «ያዝ» ስል በሞርሳ እሰረው ማለቴ ነበር፤ እሱ ደግሞ በግራ እጁ ያዘው። ሁለቱም እጆች ምንጊዜም ከመሮው ስለት ኋላ መሆን እንዳለባቸውም አልጻፍኩም። ለምን? ለእኔ ልማድ ስለሆነ የሚጻፍ ነገር መሆኑን ረስቼዋለሁ። አልሐምዱሊላህ የልጁ ቁስል ዳነ፤ እኔን ግን ብዙ ሌሊት እንቅልፍ ነሳኝ።

ያኔ ልጄ ስልኳን ይዛ ወደ መሥሪያ ቤቴ መጣች። «አባባ፣ አትጻፍ፤ ሥራ፣ እኔ ልቅረጽህ» አለችኝ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ፈራሁ። ሰው ፊት መታየት ሪያእ እንዳይሆንብኝ ሰጋሁ። አንድ ዑለማ ባማክር «ኒያህን አስተካክል፤ ፊትህ ካሳፈረህ እጅህን ብቻ አሳይ» አሉኝ። እንደዚያው አደረግን።

ውድ አድማጮች፣ በዚህ ጊዜ አንድ ሐዲስ ትዝ አለኝ። ቡኻሪና ሙስሊም እንደዘገቡት፣ የነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ሚንበር በአናጢ እጅ ከእንጨት ተሠርቶ ቀረበላቸው። እርሳቸውም በሚንበሩ ላይ ቆመው ሰላት ጀመሩ። እላዩ ላይ ሩኩዕ አደረጉ፤ ከዚያም ወደ ኋላ ወርደው ከሥሩ ሱጁድ አደረጉ። ሲጨርሱም ይህን ያደረጉት ሰዎች እንዲከተሏቸውና አሰጋገዳቸውን እንዲማሩ መሆኑን ነገሩ። ሰዎቹ ቃላቸውን ይሰሙ ነበር። ሆኖም የሚሠራ ነገር ሲታይ ይበልጥ ስለሚያዝ ከፍ ብለው አሳዩ።

ሌላም ሚንበር አለ። ኑረዲን ዘንኪ ለአል-አቅሷ መስጂድ ብለው በሐለብ ያሠሩት፣ እ.ኤ.አ. በ1187 ቁድስ ነጻ ከወጣች በኋላ ሰላሁዲን አል-አዩቢ ያስገቡት ነው። በሺህ የሚቆጠሩ ቁርጥራጭ እንጨቶች እርስ በርስ ተቆላልፈው የቆመ ሥራ ነበር። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 21 ቀን 1969 በተለኮሰበት እሳት ጋየ። አምሳያው በዮርዳኖስ ተሠርቶ ቦታው ላይ የተተከለው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። ከ37 ዓመት በላይ መሆኑ ነው! የተረፉ ስብርባሪዎችና አሮጌ ፎቶግራፎች ነበሩ። ባለሙያዎቹ ግን ንድፉንና አገጣጠሙን ከእነዚያ ላይ እንደገና ፈልቅቀው ማውጣት ነበረባቸው። ፎቶግራፍ ያለቀውን ሥራ ያሳያል፤ የሠሪውን እጅ አያሳይም።

የኛን አገር ሽማግሌ አናጢዎች አስቡ። ስንቶቹ ሙያቸውን ይዘው አፈር ገቡ?

ቪዲዮው ጽሑፌ ያልቻለውን ቻለ። መላጊያ እንጨቱ ባደገበት አቅጣጫ ሲሄድ ድምፁ ልስልስ ነው፤ በተቃራኒው ሲገፋ ይንገጫገጫል፣ የእንጨቱም ፊት ይቦጫጨቃል። ይህን ድምፅ በፊደል እንዴት ልጽፈው? አሁን ወጣቱ ይሰማዋል፣ ያየዋልም።

ለመሞከር የምትፈልጉ ካላችሁ ከስህተቴ የተማርኩትን ልንገራችሁ። ስልኩን በእጅ አትያዙ፤ አንድ ነገር ላይ አስደግፉት። ብርሃን ከጎን በኩል ይምጣ፤ የራሳችሁ ጥላ ሥራውን እንዳይሸፍነው። ልኩን እየለካችሁ ጮክ ብላችሁ ተናገሩ። ለኢንተርኔት ጥቅል ገንዘብ ለሚቸግረው ወንድማችሁ አስቡለትና አሳጥሩት፤ አንድ ቪዲዮ አንድ ነገር ብቻ ያስተምር። የተበላሸባችሁንም አትቁረጡት፤ እንዴት እንዳስተካከላችሁት አሳዩ። እኔ አንዴ እግሩ አጭር የሆነ በርጩማ ሠርቼ አፍሬ ላስጠፋው ነበር። ልጄ ከለከለችኝ። ብዙ ወጣቶች የጠየቁኝ ስለዚያ ሆነ።

ደብተሬን ግን አልጣልኩም። ልኩንና የዕቃውን ዝርዝር ዛሬም እጽፋለሁ፤ በሥራ መሀል ለማየት ወረቀት ይቀላል። ቪዲዮም ቢሆን የተማሪውን እጅ ይዞ አያርምም። ለዚያ አሁንም ከባለሙያ አጠገብ መቀመጥ ያስፈልጋል።

እናቶች፣ አባቶች፣ መሶብ የምትሰፉ፣ ሸማ የምትሠሩ፣ ብረት የምትቀጠቅጡ፣ ሙያችሁ አማና ነው። እናንተም ወጣቶች፣ ቤታችሁ ውስጥ ባለሙያ ካለ ዛሬ ማታ አጠገቡ ቁጭ በሉና ስልካችሁን ወደ እጁ አዙሩት። ያ ቁስለኛ ልጅ ዛሬ የራሱን መሥሪያ ከፍቷል። ባለፈው የላከልኝ ቪዲዮ ላይ ሁለት ታዳጊዎችን ያስተምራል። እንጨቱ በሞርሳ ታስሯል፤ እጆቹ ከስለቱ ኋላ ናቸው።

አላህ (ሱ.ወ.) ያወቅነውን ከሚያካፍሉ ባሮቹ ያድርገን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።