የኮምፒዩተር ትምህርት በእጅ ይለመዳል

 

የተከበራችሁ ለጋሾች፣ ውድ የየቲም ቤተሰቦች! 

ዛሬ ልናስታውሳችሁ የወደድነው ስለ አንድ የትምህርት ዓይነት ነው። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻችን የኮምፒዩተር ትምህርት የራሱ ክፍለ ጊዜና የራሱ ፈተና አለው። ነገር ግን ከሌሎቹ የሚለይበት ጠባይ አለ። ታሪክ በማንበብ ይጠናል፤ ይህኛው ግን በእጅ ካልተሠራ አይያዝም። የኮምፒዩተርን ክፍሎች በደብተሩ ጽፎ በቃሉ የያዘ ተማሪ፣ ከመሣሪያው ፊት ሲቀመጥ ጣቱ ይታሰርበታል።

ተግባራዊው ክፍል በዋናነት ሦስት ነገር ነው። አንደኛው የጽሑፍ ሥራ ሲሆን፣ ማመልከቻን በአማርኛ ፊደል መጻፍ፣ ማረም፣ ማስቀመጥና ማተም ነው። መብራት በድንገት በሚጠፋበት አካባቢ ሥራን በየጊዜው ማስቀመጥ ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። ሁለተኛው የኤክሴል ሠንጠረዥ ነው። የሱቅ ገቢና ወጪ በየረድፉ ይሰፍራል፤ የመደመሪያው ቀመር አንድ ጊዜ በትክክል ከተጻፈ፣ አንዱ ቁጥር ሲለወጥ ድምሩ በራሱ ይስተካከላል። ሦስተኛው ፋይልን በሥርዓት ማኖርና ከኢንተርኔት የተገኘን መረጃ ማጣራት ነው።

በቤቱ ኮምፒዩተር ያለው ልጅ ቀን የሰማውን ማታ ይሠራዋል። ችግረኛው የቲም ግን ተስፋው የትምህርት ቤቱ ክፍለ ጊዜ ብቻ ነው። በአንድ መሣሪያ ዙሪያ አራትና አምስት ተማሪ ሲሰበሰብ፣ ኪቦርዱን የሚይዘው ቀድሞ የሚያውቀው ነው፤ የማያውቀው ከኋላ ቆሞ ይመለከታል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ትምህርቱ ወደ ሰሌዳ ይመለሳል።

በ2016 ዓ.ም የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለከፊሎቹ ተማሪዎች በኮምፒዩተር ተሰጥቷል። ፊዚክሱን አሳምሮ የሚያውቅ ልጅ፣ ማውዝ መያዝ ስላልለመደ ሰዓቱ ቢያልፍበት እንዴት ያሳዝናል!

የላቀው አላህ በሱረቱ ኒሳእ የቲሞች ለአቅመ ጋብቻ እስኪደርሱ እንዲፈተኑ፣ ብስለታቸው ሲታይም ንብረታቸው እንዲሰጣቸው አዟል። ከዑለማዎች መካከል ይህን ሲያብራሩ፣ ልጁ ጥቂት ገንዘብ ይዞ መግዛትና መሸጥን በተግባር ይሞከር ያሉ አሉ። ብስለት በእጅ ሥራ ይታያልና።

እንግዲህ ደብተርና ዩኒፎርም መስጠታችሁ አጅሩ ታላቅ ነው፤ በዚህ ላይ የመለማመጃ ሰዓት ጨምሩበት። ቢሮ ያላችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ከሥራ በኋላ ተዘግቶ የሚያድረውን ኮምፒዩተር በሳምንት ለሁለት ሰዓት ለአንድ ልጅ ክፈቱለት። ያገለገለ ኮምፒዩተር የምትለግሱም፣ በትክክል መሥራቱን አይታችሁ ከነኪቦርዱና ከነማውዙ ስጡ። እናቶች ሆይ! ልጃችሁን «ዛሬ በእጅህ ምን ሠራህ?» ብላችሁ ጠይቁት። ሴት ልጆቻችሁንም ለቤት ሥራ ስትሉ ከልምምዱ አታስቀሯቸው።

ሙያ በእጁ የገባለት ልጅ ራሱን ይችላል፤ ነገም ኢንሻአላህ ለሌላ የቲም ይደርሳል።