በመተማ የሕዝብ ደኅንነት ሲመዘን
(ለርዳታና ለማቋቋም ሥራ ባልደረቦች የተደረገ ንግግር)



የአንድ ወረዳ ሕዝብ ደኅንነት በተለምዶ የሚመዘነው የጤና ጣቢያው፣ የንጹሕ ውሃውና የትምህርት ቤቱ ብዛት ከነዋሪው ቁጥር ጋር ተነጻጽሮ ነው። በመተማ ግን ይህ ስሌት ብቻውን አይበቃም። በየዓመቱ ሰሊጥ፣ ማሽላና ጥጥ ለማረምና ለመሰብሰብ ከደጋ የሚወርደው የቀን ሠራተኛ በነዋሪው መዝገብ አይገኝም። ይህ ሠራተኛ ሜዳ ላይ ስለሚያድር በመረሬው መሬት ስንጥቅና በግራር ዙሪያ በምትኖረው የአሸዋ ዝንብ ተነክሶ ለካላዛር ይጋለጣል። በሽታው በጊዜው ካልታከመ ይገድላል።

ጉዳቱ በቆላው ተወስኖ አይቀርም። በ1997 ዓ.ም. በሊቦ ከምከም ወረርሽኙ ሲነሣ፣ መጀመሪያ መድኃኒት የተላመደ ወባ መስሎ ነበር፤ ካላዛር መሆኑ የታወቀው ብዙ ሰው ካለቀ በኋላ ነው። በሽታውን ወደ ደጋው ያደረሱት ከመተማና ከሑመራ እርሻ የተመለሱ ሠራተኞች እንደሆኑ ይታመናል። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ወዲህም የሱዳንን ጦርነት የሸሹ ሰዎች በመተማ ዮሐንስ በኩል ገብተዋል።

ስለዚህ በአረምና በአጨዳ ወራት ስንት ሠራተኛ እንደገባ፣ ስንቱ በአጎበር ሥር እንዳደረ፣ የታመመው በስንት ቀን ውስጥ እንደታከመና ወደየትኛው ወረዳ እንደተመለሰ በየወሩ ሊመዘገብ ይገባል። ያልተቆጠረ ሰው የመድኃኒት ድርሻ አይያዝለትም።