ልጆቻችን ለጉብኝት ሲሄዱ አብሮ የሚሄደው ማነው?

(በሬድዮ ዝግጅታችን የቀረበ ንግግር)

 ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ) የተገባ ነው። ሶላትና ሰላም በነብያችን በሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይስፈን። 

አንዲት እናት ከጎንደር አዲስ ዓለም ሰፈር አንድ ጥያቄ ልከውልናል። ልጃቸው ሰባተኛ ክፍል ናት። ትምህርት ቤቱ ተማሪዎቹን የፋሲል ግቢን ሊያስጎበኝ አስቦ ወላጅ የሚፈርምበት ወረቀት ልኳል። አባትየው «አይሆንም፣ ከቤት ወጥታ የትም አትሄድም» ብለው ወረቀቱን መልሰዋል። ልጅቱ እያለቀሰች ምግብ አልበላም ብላለች። እናትየው «በሁለቱ መካከል ቆሜ ምን ልሁን?» ይላሉ።

በመጀመሪያ አባትየውን በችኮላ አንውቀስ። ሚያዝያ 18 ቀን 2014 ዓ.ም በዚህችው ከተማ በሙስሊሞች ላይ የደረሰውን ግድያና ዘረፋ ማንም አልረሳውም። ከ2015 ዓ.ም ወዲህ በክልላችን በተነሳው ግጭት ደግሞ ስንት ትምህርት ቤት ተዘጋ፣ ስንት መንገድ ተቋረጠ! ሰው ልጁን ለሱቅ ልኮ እስክትመለስ በር ላይ የሚቆምበት ጊዜ አይተናል። የአባት ስጋት መሠረት የለውም የሚል ካለ እሱ አባት አይደለም።

ነገር ግን አባትየውን አንድ ነገር እንጠይቃቸው። አብሮ የሚሄደው ማነው? ወረቀቱን ከመመለስዎ በፊት ይህን ጠይቀዋል? እርስዎስ ለምን አብረው አይሄዱም?

ጨዋታና ሽርሽር በራሱ ነውር እንዳልሆነ ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም። በዒድ ቀን ሐበሾች በመልዕክተኛው (ሰ.ዐ.ወ) መስጊድ ውስጥ በጋሻና በጦር ሲጫወቱ እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) እስክትጠግብ ድረስ እንድታይ እሳቸው ራሳቸው እንደጋረዷት በሐዲስ ተዘግቧል። ተጫዋቾቹ የእኛው ሰዎች ነበሩ! የሴት ልጅን ጉዞና መሕረምን በተመለከተ ግን እኔ ሙፍቲ አይደለሁም፤ የአካባቢያችሁን ዓሊም ጠይቁ። አባት አብሮ ከሄደ ጥያቄው ከሥሩ እንደሚቀል ብቻ ልናገር።

ይህን የምለው አብሬ ሄጄ ስላየሁት ነው። ሄጄም ስላጠፋሁ ነው።

ጊዜው መጋቢት 1999 ዓ.ም ነበር። ታላቋ ልጄ ያኔ ሰባተኛ ክፍል ናት። የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል ልጆች ስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክን ሊጎበኙ ተወሰነ። ልጆቹ መጀመሪያ የጠየቁት አዲስ አበባ ሄደው ቦራ በሚሽከረከረው ማሽን ላይ መውጣት ነበር። አንዱ የአጎቱ ልጅ ወጥቶበት ለክፍሉ ሁሉ አውርቶ ነው። ከጎንደር አዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነውና የሚታሰብ አልነበረም። ደባርቅ ግን 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በኋላ ሳስበው ልጆቹ የተመኙት ቦታ ለጠባቂ ይቀላል። እዚያ አጥር አለ፣ ለእያንዳንዱ ማሽን ቀበቶ የሚያስር ሠራተኛ አለ። ስሜን ላይ ግን አጥሩም ቀበቶውም አብሮ የሄደው ሰው ነው።

46 ልጆች፣ ሁለት መምህራንና ሁለት ወላጆች ሆነን ነበር የሄድነው። ከወላጆቹ አንደኛው እኔ ነኝ፤ ሁለተኛዋ አንዲት ክርስቲያን እናት ነበሩ።

ከጉዞው በፊት የገጠመን የምግብ ነገር ነው። ወሩ ሁዳዴ ስለነበር ክርስቲያኖቹ ልጆች ይጾማሉ። የእኛዎቹ እናቶች ደግሞ ለመንገድ ሲባል መጀመሪያ የሚያስቡት ቋንጣ ፍርፍር ነው። በሀገራችን ሙስሊሙ የክርስቲያኑን፣ ክርስቲያኑም የሙስሊሙን ሥጋ እንደማይበላ የታወቀ ነው። ስለዚህ ለሙስሊም ወላጆች «እባካችሁ ሥጋም ቅቤም አታስይዙ፤ ሽሮ ፍትፍት፣ ድንች፣ ዳቦና ቆሎ ያዙ» አልኳቸው። አንድ ወንድማችን ተቆጣ። «እነሱ ስለጾሙ የእኔ ልጅ ለምን ይጾማል?» አለኝ። «ልጅህ አይጾምም፤ ከጓደኞቹ ተለይቶ ጥግ ይዞ እንዳይበላ ነው» ብዬ መለስኩለት። በቀኑ 46 ልጆች ክብ ሠርተው ሳህናቸውን ተቀያየሩ። ይህ ሰው በኋላ ምን እንዳለ አላውቅም። ልጁ ግን የሰው ምስር ሲበላ አይቼዋለሁ!

ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ተሰበሰብን። ብርዱ ያንቀጠቅጣል። ወላጆች በጋቢ ተጠቅልለው ልጆቻቸውን እያቀበሉን ይሄዳሉ። አንድ ክርስቲያን አባት የልጁን እጅ ይዞ ወደ እኔ መጣና «የኔው ቀልቃላ ነው፣ አንድ ቦታ አይቆምም፤ አደራህን» አለኝ። «አደራውን ተቀብያለሁ» አልኩት። ቀላል ቃል መስሎኝ ነበር።

መንገዱ ያኔ ጠጠር ነበር። አምባ ጊዮርጊስን ሳናልፍ ሦስት ልጆች አስታወኩ። (ፌስታልና ሎሚ ሳትይዙ ልጅ ይዛችሁ ተራራ አትውጡ።) ዳባትን አልፈን ደባርቅ የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ተመዘገብን፤ ጠመንጃ የያዙ ሁለት የፓርክ ስካውቶችም ተሰጡን። ረፋዱ ላይ ቡይት ራስ ከሚባለው ቦታ ደረስን።

ሱብሐነላህ! ከ3 ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናችሁ። ከፊታችሁ የሣር ሜዳ ነው። ሜዳው በድንገት ይቆረጥና በአንዳንድ ቦታ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል የሚወርድ ገደል ይሆናል። በሣሩ ላይ ጭላዳዎች በመንጋ ተቀምጠው በሁለት እጃቸው ሣር እየነጩ ይበላሉ። ጭላዳ ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም ላይ የትም አይገኝም። ደረቱ ላይ ቀይ ምልክት አለው፤ ሲመሽ ገደሉ ላይ ወርዶ ያድራል። መምህሩ ስለ ዋልያም አስረዱ። ፓርኩ በ1978 እ.ኤ.አ በዓለም ቅርስነት እንደተመዘገበ፣ በ1996 እ.ኤ.አ ደግሞ አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ተርታ እንደገባ ነገሯቸው። (ከዚያ መዝገብ የወጣው በ2017 እ.ኤ.አ ነው።) ልጆቹ ግን ጆሯቸው ከመምህሩ፣ ዓይናቸው ከጭላዳው ነበር።

ልጆቹን ለአራት ተከፋፈልናቸው። ለእኔ 11 ደረሱኝ፤ ያ ቀልቃላው ልጅ አንዱ ነበር። ምሳ ተበላ። ዙሁር ገባ። እኔም ከጀሪካን ውኃ ውዱእ አድርጌ፣ ከአስታው ቁጥቋጦ ጀርባ ጋቢዬን አንጥፌ ተክቢራ አደረግሁ። ለማንም ሰው «ልጆቹን ያዝልኝ» አላልኩም። መምህሩ ያያቸዋል ብዬ ገመትኩ። መምህሩ ደግሞ እኔ ከልጆቹ ጋር ያለሁ መስሎታል። ከፍታው፣ ጸጥታው፣ ነፋሱ ሲደማመር እውነቱን ለመናገር እንደዚያ ቀን በተመስጦ የሰገድኩበትን ጊዜ አላስታውስም። ሱጁዴን አስረዘምኩ።

ሰላምታ ሰጥቼ ስመለስ ቆጠርኩ። አሥር። እንደገና ቆጠርኩ። አሥር።

ሁሉም ሰው ይህን ስሜት አያውቀው፤ አላህ አያሳየው። እግሬ ከዳኝ። ልጁን በስሙ ልጠራ አፌን ስከፍት አንደኛው ስካውት ትከሻዬን ያዘኝና «እንዳትጠሩት! ደንግጦ ዘሎ ይነሳል» አለኝ። በእጁ አመለከተኝ። ልጁ አንዲት ጭላዳ ልጇን አዝላ ስትሄድ ተከትሎ ከሜዳው ጠርዝ ወርዶ፣ ከገደሉ አፍ አምስት እርምጃ በማይሞላ ቦታ ሣር ላይ ቁጭ ብሏል። ስካውቱ ቀስ ብሎ ወረደ። አጠገቡ ተቀመጠ። ስለ ጭላዳዋ የሚያወራው ይመስል ነበር። ከዚያ እጁን ይዞት ተነሳ። ልጁ ወደ እኔ ሲመጣ እየሳቀ ነበር። ልመታው እጄን አንስቼ አወረድኩት። የሚመታው ማን ሆነና?

ውድ አድማጮቻችን፣ እዚህ ላይ ልቆይ። «ሶላት ላይ ነበርክ፣ ምን ጥፋት አለብህ?» የሚለኝ ሰው አይጠፋም። ራሴም በመመለሻው መንገድ ለራሴ እንደዚያ ስለው ነበር። ግን ዲናችን ምን ይላል? በሱረቱ አን-ኒሳእ 102ኛው አንቀጽ ላይ የፍርሃት ጊዜ ሶላት እንዴት እንደሚሰገድ ተደንግጓል። ከፊሉ ከመልዕክተኛው (ሰ.ዐ.ወ) ጋር ይሰግዳል፣ ከፊሉ ቆሞ ይጠብቃል፤ ከዚያ ይቀያየራሉ። ጠላት ፊት ለፊት ባለበት ጦር ሜዳ እንኳን ሁሉም በአንድ ጊዜ ጀርባውን አልሰጠም። የሚጠበቅ ነገር ካለ ሶላቱም በተራ ነው። እሳቸው (ሰ.ዐ.ወ) በጀመዓ እያሰገዱ የሕፃን ልቅሶ ሲሰሙ እናቱ እንዳትጨነቅ ሶላቱን ያሳጥሩ እንደነበር የታወቀ ነው። እኔ ግን 11 የሰው ልጆች ገደል አፍ ላይ ትቼ ሱጁድ አስረዝማለሁ!

በዚያ ላይ መንገደኛ ነበርኩ። ዙሁርንና ዐስርን አጣምሬ አሳጥሬ፣ ልጆቹ አውቶቡስ ውስጥ ከገቡና ከተቆጠሩ በኋላ መስገድ እችል ነበር። አላህ (ሱ.ወ) ያሰፋልኝን እኔ አጠበብኩት። ወይም ያችን እናት «አሥር ደቂቃ ያዙልኝ» ማለት ይበቃኝ ነበር። ሦስት ቃል!

ሌላም አለ። ልጁ ክርስቲያን ነው፤ አደራው ግን አደራ ነው። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ከመካ ሲሰደዱ ቁረይሾች ሊገድሏቸው መክረው ነበር። የእነዚያው ሰዎች ንብረት እሳቸው ዘንድ በአደራ ተቀምጦ ስለነበር ዐሊይን (ረ.ዐ) ለየባለቤቱ እንዲመልስ መካ ላይ ትተውት ሄዱ። ለሚገድላቸው ሰው ዕቃ እንዲህ ከተጨነቁ፣ በጨለማ መጥቶ «አደራህን» ላለኝ ጎረቤቴ ልጅ እንዴት ልሆን ይገባኝ ነበር?

ማታ አንድ ሰዓት ላይ ጎንደር ገባን። አባትየው በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ልጁ ምንም እንዳልሆነ እያየ ዝም ብዬ ላልፍ እችል ነበር። አልቻልኩም። የሆነውን ሁሉ ነገርኩት። ዝም ብሎ ሰማኝና «ለስንት ደቂቃ?» አለኝ። «አላውቅም» አልኩት። የልጁን እጅ ይዞ ሄደ። ለወራት ያህል መንገድ ላይ ስንገናኝ ራሱን ነቅንቆ ያልፈኝ ነበር። አልፈርድበትም። በኋላ ለዒድ ቤቴ መጣ፤ ስለዚያ ቀን ግን እስከዛሬ አንስተን አናውቅም።

ያች አብራን የሄደች እናት ግን ከእኔ ትበልጥ ነበር። ልጆቿን በቁጥር አልነበረም የምትጠብቀው። ሁለት ሁለት አድርጋ አጣምራ፣ በየጊዜው እያንዳንዱን «ጓደኛህ የታለ?» ትለው ነበር። ቁጥር ያሳስታል፤ ጓደኛ አያሳስትም። እኔም ከዚያ በኋላ በሄድኩባቸው ጉዞዎች ሁሉ ይህንኑ አደርጋለሁ። ደግሞም ከመመለሳችን በፊት አንዲት ልጅ ከሌሎች ተለይታ ሹራቧን ወገቧ ላይ አስራ መቀመጧን ያየችው እሷ ነች። ለሴት ልጅ የመጀመሪያዋ ሊሆን የሚችል ነገር ነው፤ ለወንድ መምህር አትናገርም፣ ለእኔም አትናገርም። እናትየው በቦርሳዋ የሚያስፈልገውን ይዛ መጥታ ነበር። ሴት ልጆች ባሉበት ጉዞ አንዲት እናት መኖር አለባት የምለው ለዚህ ነው፤ ትምህርት ቤቱ ካላሰበበት እናንተ አስታውሱት። ከሙስሊም እናቶች መካከል የሚሄድ አለ ወይ ብሎ መጠየቅም ነውር የለበትም። አብዛኛውን ጊዜ የለም የሚባለው ስላልጠየቅን፣ ራሳችንም ስላልቀረብን ነው።

ወደ አዲስ ዓለሟ እናት ልመለስ። የፋሲል ግቢ ከቤትዎ ሩቅ አይደለም፤ ገደልም የለበትም። ቢሆንም በግንቦቹ መካከል ልጅ ይጠፋል፣ ግንብ ላይ የሚንጠላጠል አይጠፋም፣ መንገድ መሻገርም አለ። በላኩልን ደብዳቤ ላይ የወረቀቱን ይዘት ገልጸውልናል። መመለሻው ሐሙስ ነው። አባትየው ይህን እየሰሙ ከሆነ፣ ከፊርማው ቦታ በታች «አብረው ለመሄድ ፈቃደኛ የሆኑ ወላጆች» የሚል መስመር አለ። እስካሁን ማንም ስሙን አልጻፈበትም።